የጉናው መጣጭ

እናቴ ደም ትመጥ ነበር። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ካለ ይደንግጥ፤ እኔ እያየሁት ስላደግሁ አይገርመኝም። የምትመጠው በጥርሷ ሳይሆን በበሬ ቀንድ ነው። ዋግምት አጋሚ ነበረች። ራሱን የሚያዞረው፣ ትከሻው የከበደው፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ ከጉና ሥር ካሉት መንደሮች እየመጣ ጀርባውን ይሰጣታል። እሷም ጫፉ የተበሳውን ቀንድ ትከሻው መሀል ትደፋና አየሩን በቀዳዳው ስባ፣ በምላሷ ጫፍ ሰም ገፋ አድርጋ ትደፍነዋለች። ቆዳው ቀንዱ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቀጥላ ቀንዱን ታነሣና በምላጭ ጫር ጫር አድርጋ መልሳ ትደፋዋለች፤ ያን ጊዜ የደፈረሰው ደም ይጠራቀማል። ስትጨርስ ጉድጓድ ምሳ ትቀብረዋለች። የሰው ደም ሜዳ ላይ አይጣልም ብላ አጥብቃ ታምን ነበር።

ሙያውን የተማረችው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወገቧን ልትታጠብ በወረደችበት ጊዜ ከአንዲት አሮጊት ነው። በእኛ አካባቢ የእናቴ ቀንድ ክብ ምልክት የሌለበት ጀርባ መፈለግ ድካም ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዋግምት ጎጂ ልማድ ነው ብሎ በስብሰባ ላይ በይፋ ከልክሎ ነበር፤ እናቴም ሰውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ተመልሻለሁ። ደርግ መሃይምነትን አጠፋለሁ ብሎ የተነሣበት ጊዜ ስለነበረ ማትሪክ የወደቀም ለማስተማር ይበቃል ተባለና የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረጉኝ። ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ የእናቴ እኩዮች ከፊቴ ተደርድረው ሀ ሁ ይላሉ። ቁጡ ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ቀን አንዷ ሴትዮ ፊደል ብትስት ጠመኔዬን ወረወርሁ። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «እሷን እኔ አግሜያታለሁ፤ ደሟ ቶሎ የሚፈላ ናት። ቀስ ብለሽ ያዥያት» አለችኝ። ሰውን የምታውቀው በደሙ ነበር።

ከተማሪዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው ከእኛ ቤት በላይ ብቻዋን የምትኖረውን ጎረቤታችንን ነበር። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች፤ እታለም እላታለሁ። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ያላት አራት በግና አንድ ጥቁር ውሻ ነው። ፊደል በቶሎ አልገባ ቢላትም እንደሷ የማንበብ ጉጉት ያለው ሰው አላየሁም። የተጻፈ ነገር ባየች ቁጥር ክንዴን ይዛ፣ «የኔታ፣ ይኼ ምን ይላል?» ትለኛለች። የኔታ የምትለኝ ልታሾፍብኝ ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለውን መፈክር፣ የማዳበሪያውን ጆንያ፣ የክብሪቱን ቀፎ ሁሉ አንብቤላታለሁ።

በጎቹ መሞት የጀመሩት ጥር ሲወጣ ነው። መጀመሪያ በላይኛው መንደር፣ ግጫ ሣሩ በሚበዛበት፣ ጠዋት በረት ሲከፈት አንዲት በግ ተዘርራ ተገኘች። አንገቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ሥጋዋ አልተነካም፤ ሆዷ አልተቀደደም፤ መሬቱ ላይ ጠብታ ደም የለም። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። ጅብ ቢሆን አጥንት አያስተርፍም፤ ነብር ቢሆን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ደሙን ጠጥቶ ሥጋውን የሚተው ምን ዓይነት አውሬ ነው? ሰው ስም ሲያጣለት መጣጩ አለው።

ብዙም ሳይቆይ ያየው ሰው መጣ። አንድ በቅሎ ነጂ ከእብናት ገበያ ሲመለስ ወንዝ መሻገሪያው ላይ አገኘሁት አለ። ከፊቱ ጠጉራም፣ ከኋላው መላጣ ነው፤ በሁለት እግሩም ይቆማል። አንድ ዲያቆን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሲልስ አየሁት ብሎ ማለ። አንድ ሚሊሻ ተኩሼ ጥይቱ በውስጡ አለፈ አለ፤ እሱ እንኳን ተኩሶ የሚስት ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አውሬው በየሳምንቱ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ የውሻ ያህል ነበረ፤ ሁዳዴ ሲገባ ጥጃ አከለ፤ ጾሙ ሲጋመስ በሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጾም ሆኖ ሥጋ ቢጠፋ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሥጋና ደም ማውራት አማረው።

እኔም ስቅበት ነበር። ሳቄ የቆመው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ነው። የደ ተራ ላይ ደርሰን ነበርና ሰሌዳው ላይ «ደም» ብዬ ጻፍሁ። «አንብቡ» ስላቸው አዳራሹ ጭጭ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ወደኔ አዩ። እታለም ብቻ አቀርቅራ ጣቷን ትቆጥራለች። ከበጎቹ ሞት ወዲህ ወደ እናቴ የሚመጣው ሰው ለምን እንደቀነሰ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ መጣጩ እሷ ናት ተብሏል፤ ደሜ ፈላ። ቃሉን አጥፍቼ «ዳቦ» ብዬ ጻፍሁና አነበቡልኝ።

ነገሩን ያባሰው የሚከተለው ሳምንት ነው። አንድ ማለዳ የእታለም በግ ሞታ ተገኘች። ውሻዋም ጆሮው ተቀዶ እያነከሰ ከጓሮ መጣ። እታለም እያለቀሰች መንገድ ስትወጣ እናቴ ከላይ በኩል ስትወርድ አገኘቻት። እናቴ የቀንዱን ስልቻ አንግታለች፤ ነጠላዋ ጠርዝ ላይ ደም አለ።

«ከየት ነሽ በዚህ ማለዳ?» አለቻት እታለም።

«ከሰው ቤት።»

«ከማን?»

«ከታመመ ሰው» አለችና እናቴ መንገዷን ቀጠለች።

እታለም ውኃ ስትቀዳ ይህንኑ ተናገረች። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ በኋላም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የጨመሩት ሌሎቹ ናቸው። ለምሳ ሰዓት እናቴ በግ አንገት ላይ ተጣብቃ ታይታለች፤ ማታውን ጀርባዋ መላጣ ነው ተባለ።

እናቴን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። ከየት እየመጣሽ ነበር? ብዙ ካስጨነቅኋት በኋላ ነገረችኝ። ከሊቀመንበሩ ቤት ነበረች። ሰውዬው ዓይኑን እስኪያጨልመው ድረስ ራሱን ያመው ነበርና ሚስቱን እየላከ፣ ሰው ሳይነሣ ማልዳ እንድትመጣ እያደረገ፣ በከለከለው ዋግምት ይታገም ነበር።

«እና ይናገራላ!» አልሁ።

«ካሻው ይናገራል። የታመመ ሰው ገመና ግን ከኔ አፍ አይወጣም። ከአንችም እንዳይወጣ፤ ምየልሻለሁ፣ ጡቴን!»

ባጠባችኝ ጡቷ ከማለች ነገር አበቃ። 

ያ ዓመት ድርቅ የነበረበት ዓመት ነው። ከእብናት ቆላ ሰው ቤቱን እየዘጋ ይፈልስ ነበር። መንግሥት ደግሞ ለሰፈራ ብሎ ሰውን በመኪና እየጫነ ወደ ሩቅ ቆላ ይወስዳል። ለየገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው ስጡ የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሊቀመንበሩ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ከጨረስሁ በኋላ ሊቀመንበሩ ጠራኝ። ብርድ ሳይኖር በርኖሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል።

«ጓዲት መምህርት፣ እኛ ሳይንስ የምንከተል ሰዎች ነን። መጣጭ የሚባል አውሬ የለም። ነገር ግን ሰፊው ሕዝብ ተረብሿል። ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል እናትሽን በሰፈራው ዝርዝር ውስጥ አስገብተናቸዋል። እሑድ ስብሰባው ያጸድቀዋል» አለኝ።

መጣጭ የለም እያለ በመጣጭነት እናቴን ሊያስጭናት! ያውም ደሙን አስመጥጦ ራሱ የቀለለው ሰውዬ! ዓይኖቼን ዓይኑ ላይ ተክዬ ቆየሁ፤ እሱ ግን ወረቀቱን ማየት ጀመረ። እናቴ ደረቷ ደካማ ነው። በጉና ብርድ ተወልዳ በጉና ብርድ ያረጀች ሴት ወባ ያለበት ቆላ ብትወርድ አንድ ክረምት አትዘልቅም። እኔ በሕይወት እያለሁ መኪናው ላይ አትወጣም ብዬ ለራሴ ማልሁ። ያ ቀን ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ወረድሁ። እርሻ ቢሮ ውስጥ በጎችንና ከብቶችን የሚያክም አንድ ወጣት ባለሙያ ነበረ፤ በአነጋገሩ የእኛ አገር ሰው አይደለም። ሁሉንም ነገርሁት። መላጣ ጀርባው ላይ ስደርስ ሳቀ፤ የእናቴን ጉዳይ ስነግረው ሳቁን ዋጠው።

«ከሞቱት በጎች አንዱን ከፍታችሁ አይታችኋል?» አለኝ።

«በክት ነው እኮ!» አልሁት፤ ምራቄን ልተፋ ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ይሁና። ውሻ ነው የሚገድላቸው። ጉሮሮ ይዞ አንቆ ነው የሚገድለው፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ደሙ ወደ ውጭ አይፈስም። ከቆዳው ሥርና ከደረቷ ውስጥ ይረጋል። ደሙ በጓ ውስጥ ነው ያለው።»

«ውሻ ከሆነ ለምን አይበላውም?»

«ሌሎቹ በጎች ሲተራመሱ፣ የቤቱ ውሻ ሲጮህ፣ ጥሎ ይሸሻል። ሰው እየፈለሰ ነው አላልሽኝም? ሰው ሲሄድ ውሻው ይቀራል። ባለቤት ያጣ ውሻ ሲርበው ወደናንተ ይወጣል።»

ወደ ቤቴ የምመለስበትን መንገድ ሁሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ተጓዝሁ። በእኛ ዘንድ በሥላሴ ስም ሳይባረክ የሞተ እንስሳ በክት ነው። ክርስቲያን እጁን አያስነካውም። ከሩቅ ገመድ አግብተውበት፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ገደል ድረስ ጎትተው ይለቁታል። የነካው ሰው ጠበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ደሙ የት ገባ እያልን ስንጨነቅ ከርመን፣ ለካ ደሙን ራሳችን በገመድ እየጎተትን ገደል ስንጥለው ኖረናል። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁትም አንዷን ገልጬ አላየሁም ነበር። አፍሬ ተናደድሁ፤ ተናድጄም አፈርሁ።

አሁን የሚያስፈልገኝ በቅርቡ የሞተ በግ ብቻ ነው። ዓርብ የሞተ የለም፤ ቅዳሜም የለም። የሰው በግ እንዲሞት ስመኝ ራሴን ያዝሁት። እሑድ ማለዳ ከላይ በኩል የእታለምን ጩኸት ስሰማ ደስታ ውርር አደረገኝ፤ ያን ደስታዬን እስከዛሬ አልወደውም። ሮጬ ወጣሁ። ሌላዋ በጓ አንገቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይዛ በረቱ አፍ ላይ ተዘርራለች።

«እታለም፣ ስጭኝ።»

«በክቱን ምን ልታደርጊው?»

«ስብሰባው ፊት ልከፍተው። ደሙ ውስጧ ከሌለ እናቴን ይውሰዷት።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት፣ የኔታ። እናትሽ ናት አላልሁም። ውሰጃት፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

የበጓን የፊት እግሮች ይዤ ስታገል እናቴ ደረሰች። ቅዳሴ ልትሄድ ነጭ ለብሳለች። ምንም ሳትል ጎንበስ ብላ የኋላ እግሮቿን ያዘች።

«አንች ተይው፤ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም» ብላት፣

«የኔ ጣጣ ነው፤ ያዥ!» አለችኝ። በቁርበት ላይ አድርገን ተያይዘን ወረድን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ከመንገዱ ይወጣል፤ ዞር ብሎ ግን ይከተለናል።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ደጅ ሕዝቡ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ዝርዝሩ ከፊቱ ነው። በጓን ጠረጴዛው ሥር ስናስቀምጣት ካህኑ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ ሆኖም ወደፊት ጠጋ አሉ። እኔ የሰማሁትን በአጭሩ ተናገርሁ። ከዚያ እናቴ የምታግምበትን ምላጭ አውጥታ ሰጠችኝ። በክት የነካ ምላጭ ዳግመኛ ሰው አይነካም፤ ብዙ ዓመት የሠራችበት ምላጭ ነበረ።

ከቀዳዳዎቹ ጀምሬ ቆዳውን ገለጥሁት። ከሥሩ ያለው ሁሉ ጠቁሮ እንደ ጉበት ረግቷል። ደረቷን ስከፍተው ደሙ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በእፍኜ አንሥቼ አሳየኋቸው።

«ይኸው ደሙ! ማንም አልጠጣውም!»

ሕዝቡ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና አዩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበረ?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመንደር ሳቅ ነው። በቅሎ ነጂው ብቻ «እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው» እያለ ቀረ።

«የነጠላዋ ደምስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ያን ማለዳ ከየት ነበር የምትመጣው?»

ሳቁ ቆመ። እናቴ ቀና ብላ፣ «ከታመመ ሰው ቤት ነበርሁ። በሽተኛው ካሻው ይናገር» አለች። የማለችብኝን አልረሳሁም። ገመናውን አላወጣሁም፤ ግን ደም በነካው እጄ ጠረጴዛውን ተደግፌ ሊቀመንበሩን አየሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የአገሩን ጸጥታ የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት። በዚያ ማለዳ እናቴ የት እንደነበረች ማወቅ የሚገባዎት እርስዎ ነዎት» አልሁት።

ግንባሩ ላብ አወጣ። የበርኖሱን አንገት ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ወደ ሕዝቡ ሳያይ፣ «ሥራ ላይ ነበሩ። እኔ አውቃለሁ። ስማቸው በስሕተት ነው የገባው» አለና እስክሪብቶውን አንሥቶ የእናቴን ስም ሰረዘ። ከኋላዬ እልልታ ተሰማ። አሸንፌ ነበር።

እስክሪብቶው ግን ከወረቀቱ አልተነሣም። «ቁጥሩ መሙላት አለበት» ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ከተሰረዘው ሥር ሌላ ስም ጻፈ። ያን ያህል ጊዜ ከተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ደብተራቸውን ሳርም ስለኖርሁ የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ አይከብደኝም። የእታለምን ስም ነበር የጻፈው። ወንድ የላት፣ ልጅ የላት፣ የሚጮህላት የላት።

እሷ አጠገቤ ቆማ፣ ለእናቴ ደስ ብሏት፣ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው። ክንዴን ያዘችኝ።

«የኔታ፣ ይኼ ምን ይላል?»

እናቴ በሕይወት ተርፋለች፤ ሕዝቡ ሊነሣ ነው። አሁን ብጮህ ሊቀመንበሩ የሰረዘውን መልሶ ቢጽፈውስ?

«አላየሁም» አልኋት።

ስብሰባው ተበተነ፤ ዝርዝሩ ጸደቀ። ማታ እሳት ዳር ለእናቴ ነገርኋት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ብቻ ደርባ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ወጣች፤ ሚስቱ የለም አለቻት። ሰኞም ሄደች፤ ማክሰኞም ሄደች፣ «የኔን ስም መልስ» ልትለው። ዝርዝሩ ደብረ ታቦር ወርዷል አላት በመጨረሻ፤ እውነትም ወርዶ ነበር። ለእታለም ሚሊሻ መጥቶ ነገራት። እኔ በዚያ ሳምንት በእሷ በር ማለፍ አቅቶኝ በገደሉ ዞሬ ክፍል ሄድሁ። መቀመጫዋ ባዶ ነበር።

ሰፋሪዎቹ የተወሰዱ ቀን እናቴና እኔ ተከትለን ደብረ ታቦር ወረድን። ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ሰው በየጓዙ ተቀምጧል፤ መኪናዎቹ ተሰልፈዋል፤ ሚሊሻዎች ይዞራሉ። ሊቀመንበራችንም ሰዎቹን ሊያስረክብ መጥቷል። እታለምን በጨርቅ ቋጠሮዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ውሻዋ እግሯ ሥር ተኝቷል፤ ከላይ ጀምሮ ተከትሏት ወርዷል። ራሷን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

«ያምሻል?» አለቻት እናቴ።

«ካለቀስሁ ወዲህ ያዞረኛል።»

እናቴ ስልቻዋን ፈታችና ቀንዱን፣ ሰሙን፣ ከሱቅ የገዛችውን አዲስ ምላጭ አወጣች። «ዝቅ በይ። በዚህ ራስ መኪና ላይ አትወጭም።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሚሊሻው፣ ካድሬውና ሊቀመንበሩ እያዩ፣ የተከለከለውን ዋግምት ደፋችባት። አንድ ሚሊሻ ሊናገር ቀረብ ሲል እናቴ ቀና ብላ አየችው፤ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ መኪናዎቹ አዞረ። እኔ ሰሙን ያዝሁ። እታለም እንዳጎነበሰች፣ ፊቴን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን አንብበሽው ነበር፤ አይደል?»

«አዎ።»

«የመጀመሪያዋን ፊደል እኔም ለይቻት ነበር፤ የስሜ ናት አልሁ። አንች አላየሁም ስትይኝ ግን የተሳሳትሁ መሰለኝ።»

ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ሥራዋን አላቋረጠችም። ስትጨርስም ጉድጓድ ምሳ ደሙን ቀበረችው። እታለም ጉድጓዱ ሲሞላ ታይ ነበር፤ «እሱስ እዚሁ አገሬ ቀረ» አለችና ልብሷን ሰበሰበች። ስም መጠራት ሲጀመር ተነሥታ የውሻውን ማሰሪያ ለእናቴ ሰጠቻት። «ይህን ቤታችሁ አስገቡልኝ። ባለቤት ካጣ እሱም መጣጭ ይሆናል» አለቻት። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወሬዋን አልሰማንም።

ውሻው ማሰሪያውን ቆርጦ ማግሥቱን የእታለም በር ላይ ተገኘ። እናቴና እኔ በየማለዳው የገብስ ቂጣ ይዘን ወጣን፤ አይበላም። አልተውነውም። ዝናብ ሲጥል እንኳ ወጣን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ተከተለን። ከእኛ ጋር አርጅቶ እስኪሞት ድረስ አንድ በግ አልነካም። እናቴም እስክትሞት ድረስ በቀን፣ በአደባባይ አገመች፤ ማንም አልከለከላትም። እኔ ማስተማሩን ቀጠልሁበት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ይኼ ምን ይላል?» ብሎ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን ያለውን አነብለታለሁ።